የ24 ዓመቱ መስመር፦ የአሜሪካ የኮሌጅ እርዳታ ቅጽ «ጥገኛ» የሚለው ማንን ነው?

በአማርኛ «ጥገኛ» ክፉ ቃል ነው። በዛፍ ላይ ተለጥፎ የሚኖረውን ተክል፣ በሆድ ውስጥ የሚኖረውን ትል የምንጠራበት ነው። «ራሱን ቻለ» ደግሞ የምሥራች ነው፤ ወላጅ ስለ ልጁ ሊሰማው ከሚመኘው ሁሉ የሚበልጥ። እንግዲህ በዲቪ ከደሴ ወጥቶ ሜሪላንድ የገባ የ21 ዓመት ወጣት እናስብ። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንድ አፓርታማ ተጋርቶ ይኖራል። ሌሊት ይሠራል፣ ቀን ቀን ኮሌጅ ለመግባት ይዘጋጃል፣ በየወሩ ከደመወዙ ቀንሶ ለእናቱ ይልካል። የኮሌጅ የገንዘብ እርዳታ ማመልከቻውን ሲሞላ ግን ኮምፒውተሩ ጥገኛ ተማሪ መሆኑን ነግሮ የወላጆቹን መረጃ እንዲያስገባ ይጠይቀዋል። እናቱን የሚጦረው እርሱ ሆኖ ሳለ ቅጹ እርሷን ጧሪ፣ እርሱን ተጧሪ ያደርጋቸዋል። ቢናደድ ማን ይፈርድበታል?

ይህ ንዴት ወጣቶቻችንን ወደ ሁለት ስህተቶች ይመራቸዋል። አንዳንዱ «ወላጆቼ አሜሪካ የሉም፤ ይህ ለእኔ የተዘጋጀ አይደለም» ብሎ ማመልከቻውን በግማሽ ትቶ ይወጣል፤ ትምህርቱንም ከኪሱ ለመክፈል ይታገላል፣ ወይም ጭራሹን ይተወዋል። ሌላው «ራሴን ችያለሁ» በሚል ቅን ልብ የማይመለከተውን መልስ ይሞላና ኋላ ማስረጃ ሲጠየቅ ይደናገጣል። በዚህ ቅጽ ላይ ሆን ብሎ ሐሰተኛ መረጃ መስጠት እስከ 20,000 ዶላር ቅጣት፣ እስራት ወይም ሁለቱንም ሊያስከትል ይችላል። ሁለቱም ወጣቶች ቃሉን በአማርኛ ስሜቱ ወስደውታል። ቅጹ ግን ኑሮህን በማን ትከሻ ላይ ትኖራለህ ብሎ አይጠይቅም፤ ስለ ትምህርትህ ወጪ መንግሥት በመጀመሪያ የሚጠይቀው ማንን ነው የሚለውን ብቻ ይወስናል።

ማመልከቻው በአጭር ስሙ ፋፍሳ ይባላል። ከፌዴራል መንግሥት የሚገኘው የተማሪዎች እርዳታና ብድር፣ የብዙ ግዛቶችና የብዙ ኮሌጆች እርዳታም ጭምር፣ በዚህ በር ያልፋል። መሠረቱ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1965 የፈረሙት የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሥርዓቱ መነሻ ሐሳብ፣ ልጅን የማስተማር የመጀመሪያው ኃላፊነት የወላጅ ነው፤ መንግሥት የሚመጣው የወላጅ አቅም ሲያልቅ ነው የሚል ነው። ለእኛ ይህ እንግዳ ነው። በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በ2003 የወጣው የወጪ መጋራት ደንብ ውሉን የሚያስፈርመው ተማሪውን ራሱን ነው፤ ዕዳውም ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከገቢው ይከፈላል። የአባትህ ገቢ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቀው የለም። የአሜሪካው ሥርዓት የሚጀምረው ግን ከዚያው ጥያቄ ነው።

«ራሴን ችያለሁ» የሚለው መልስ በአንድ ወቅት ይሠራ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቅጹ በዋናነት ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ ነበር፦ ከወላጆችህ ጋር ከ6 ሳምንት በላይ ኖረሃል? በግብር ማስታወቂያቸው ላይ አስመዝግበውሃል? ከ750 ዶላር በላይ ሰጥተውሃል? ሦስቱንም «አይደለም» ያለ ራሱን የቻለ ይባል ነበር። የዚህ አሠራር ድክመት ለማንም ግልጽ ነው፤ አቅም ያለው ቤተሰብ ልጁን በወረቀት ላይ ከቤት ማስወጣት አያቅተውም። በ1986 ኮንግረስ ሕጉን ሲያሻሽል 24 ዓመትን የመለያ መስመር አደረገ። በ1992 ደግሞ ከዚያ ዕድሜ በታች ያለ ተማሪ ገቢውን አሳይቶ ራሱን የቻለ ይባልበት የነበረውን የቀረ በር ዘጋ። ከዚያ ወዲህ የደመወዝ ወረቀትም ሆነ የቤት ኪራይ ውል ለዚህ ጥያቄ ማስረጃ መሆኑ ቀርቷል።

ዛሬ የቀሩት በሮች የተቆጠሩ ናቸው። ለ2026-27 የትምህርት ዘመን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2003 በፊት የተወለደ ሁሉ ያለ ሌላ ጥያቄ ራሱን የቻለ ነው። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ግን ወይ ያገባ፣ ወይ የማስተርስ ወይም የዶክትሬት ተማሪ፣ ወይ በአሜሪካ ጦር በንቁ አገልግሎት ላይ ያለ ወይም አገልግሎ የተሰናበተ መሆን አለበት። አብረውት የሚኖሩና ከግማሽ በላይ ወጪያቸውን እርሱ የሚሸፍንላቸው ልጆች ወይም ሌሎች ሰዎች ያሉትም ይቆጠራል። 13 ዓመት ከሞላው በኋላ በማንኛውም ጊዜ ሁለቱም ወላጆቹ በሕይወት ያልነበሩ ወይም በመንግሥት አሳዳጊነት ሥር የነበረ፣ ለአካለ መጠን ከመድረሱ በፊት በፍርድ ቤት ራሱን እንዲያስተዳድር የተፈቀደለት ወይም ሞግዚት የተሾመለት፣ ያለ አሳዳጊ ሆኖ መጠለያ ያጣ ወይም ለማጣት የተቃረበ ተማሪም እንዲሁ። «አብረውት የሚኖሩ» የምትለዋ ቃል የደሴውን ልጅ ታስቀረዋለች። በየወሩ የሚልከው ገንዘብ የእናቱን ቀለብ ሙሉ በሙሉ ቢሸፍን እንኳ እናቱ ከእርሱ ጋር ስለማትኖር አይቆጠርለትም።

ሕዝቡ ሲያነሣቸው የምሰማቸውን አራት ምክንያቶች የፌዴራሉ የትምህርት መሥሪያ ቤት በግልጽ ውድቅ አድርጓቸዋል። ወላጅ ለትምህርቱ አልከፍልም ማለቱ፣ ወላጅ መረጃዬን አልሰጥም ማለቱ፣ ወላጅ ልጁን በግብር ማስታወቂያው ላይ አለማስመዝገቡ፣ ተማሪው ራሱን ሙሉ በሙሉ የሚያስተዳድር መሆኑ። እነዚህ ለየብቻቸውም ሆነ ተደምረው ተማሪውን ራሱን የቻለ አያሰኙትም።

የግብሩ ጉዳይ ልዩ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም በግብር ሕጉም ውስጥ «ጥገኛ» የሚል ቃል አለ፣ በዚያም 24 ዓመት የሚል ቁጥር አለ፣ ሁለቱ ግን የማይገናኙ ሕጎች ናቸው። ለግብር ሲሆን አጎት አብሮት የሚኖረውን፣ የሙሉ ጊዜ ተማሪ የሆነውንና ዕድሜው ከ24 በታች የሆነውን የወንድሙን ልጅ ሌሎቹ መመዘኛዎች ከተሟሉ ጥገኛዬ ብሎ ማስመዝገብ ይችላል። ለፋፍሳ ሲሆን ያው አጎት ባዳ ነው። የግብር ሰነዱን ይዞ «አስመዝጌዋለሁ እኮ» ቢል የሚሰማው የለም።

«ጥገኛ» መባል ሲጠቅም

አሁን ብዙዎች ልብ የማይሉትን ነገር ላንሳ። ጥገኛ መባል ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም። ወላጆቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ላሉ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ ጥቅም ነው።

የደሴው ልጅ አባቱ አርፏል፤ እናቱ መምህርት ናት፣ ሁለት ታናናሽ እኅቶቹን ታሳድጋለች። በወር 12,000 ብር ታገኛለች እንበል፤ በዓመት 144,000 ብር ማለት ነው። አንድ ዶላር በ150 ብር ቢሰላ የዓመት ገቢዋ 960 ዶላር ይሆናል። እርሱ ራሱ ደግሞ በ2024 በትርፍ ሰዓት ጭምር ሠርቶ 38,000 ዶላር አገኘ እንበል። የ2026-27 ማመልከቻ የሚመለከተው የ2024ን ገቢ ነው።

መመለስ የማይጠበቅበት ዋናው የፌዴራል እርዳታ ፔል ግራንት ነው፤ በ2025-26 ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነበር። ከ2024-25 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ስሌት ሙሉውን ፔል ግራንት ለማግኘት ጥገኛ ተማሪ የሚመዘነው በወላጆቹ ገቢ ነው። ያ ገቢ ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 175 በመቶ፣ ብቻዋን ለምታሳድግ ወላጅ ደግሞ 225 በመቶ መብለጥ የለበትም። የዓመት ገቢዋ 960 ዶላር የሆነ እናት ከዚህ ጣሪያ እጅግ ሩቅ ናት። ልጁ 38,000 ዶላር ማግኘቱ ከዚህ መመዘኛ ውጪ ነው፤ ስለዚህ ሙሉውን ፔል የማግኘት ሰፊ ዕድል አለው።

ይኸው ወጣት 25 ዓመት ሞልቶት ቢሆንስ? ራሱን የቻለ ይባላል፤ የሚመዘነውም በራሱ ገቢ ይሆናል። ለአንድ ሰው ቤተሰብ የ2024 የድህነት መስመር 15,060 ዶላር ነው፤ 175 በመቶው 26,355 ዶላር ይሆናል። 38,000 ዶላር ከዚያ በላይ ነው። ስሌቱ ለኑሮ ተብሎ ከሚተወው መጠን በላይ ካለው ገቢው ግማሹን ለትምህርት ሊከፍል እንደሚችል ይቆጥርበታልና ከፔል የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው። ሰው አንድ፣ ደመወዝ አንድ፣ የላብ ጠብታው አንድ፤ የሚለየው በቅጹ ላይ የተሰጠው ስም ብቻ ነው።

ለእንዲህ ያለው ወጣት «ራሱን የቻለ» የሚለው ማዕረግ በእርግጠኝነት የሚጨምርለት ብድርን ነው። ጥገኛ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት በስሙ መበደር የሚችለው 5,500 ዶላር ሲሆን ራሱን የቻለው 9,500 ይደርሳል፤ እስከ መጀመሪያ ዲግሪ ፍጻሜ ድረስ ጣሪያው ለአንዱ 31,000፣ ለሌላው 57,500 ዶላር ነው። በአሥራዎቹ መጨረሻ ላይ ላለ ልጅ ከዚህ ሁለተኛው ቁጥር ይልቅ የእናቱ የደመወዝ ወረቀት ትልቅ ሀብት ነው ብዬ አምናለሁ።

ጉዳቱ የሚበረታው በተቃራኒው ቤት ነው። አባት አሜሪካ ውስጥ ጥሩ ገቢ አለው፣ ከልጁ እናት ተለያይቶ ሌላ ትዳር ይዟል፣ ወይም ልጁ የመረጠችውን የትምህርት ዘርፍ ጠልቶ «በራስሽ ተወጪው» ብሏል። ወላጆች ከተለያዩ በአሁኑ ሕግ ቅጹን የሚሞላው ባለፉት 12 ወራት ለልጁ የበለጠ የገንዘብ ድጋፍ ያደረገው ወላጅ ነው፤ ድሮ እንደነበረው ልጁ አብሮት የኖረው አይደለም። ያ ወላጅ እንደገና አግብቶ ከሆነ የእንጀራ አባት ወይም የእንጀራ እናት ገቢም ይካተታል። ወላጅ ጨርሶ እምቢ ካለና ድጋፉን ካቋረጠ ኮሌጁ ለተማሪዋ ሊፈቅድላት የሚችለው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወለድ የሚቆጥረውን ብድር ብቻ ነው። ፔል አይታሰብም። በዚህ ቦታ ሕጉ ልጅን በወላጅ እልኸኝነት ይቀጣል፤ ከሥርዓቱ ሁሉ እጅግ የሚያሳዝነኝ ክፍል ይህ ነው።

እናት ደሴ፣ ፊርማ በኢንተርኔት

ከ2024-25 ወዲህ ቅጹ እያንዳንዱ የሚመለከተው ወላጅ የራሱን ክፍል እንዲሞላ፣ መረጃው እንዲታይ ፈቃዱን እንዲሰጥና እንዲፈርም ይጠይቃል። ወላጅ ካልፈቀደ ስሌቱ አይሠራም፤ ስሌቱ ካልሠራ እርዳታ የለም። ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት መለያ ቁጥር የሌላት፣ አሜሪካን ረግጣ የማታውቅ እናትም ብትሆን በኢሜይል አድራሻዋ አካውንት መክፈት ትችላለች። አዲሱ ቅጽ በ2023 መጨረሻ ሲወጣ ይህ ቁጥር የሌላቸው ወላጆች ለወራት መግባት አቅቷቸው ነበር፤ ብዙ የእኛ ልጆችም ያን ጊዜ ተስፋ ቆርጠዋል። መንገዱ ከዚያ ወዲህ ተስተካክሏልና ያኔ የተመለሰ ሰው እንደገና ይሞክር። በኢንተርኔት የማይሆንለት ደግሞ በወረቀት ቅጽ ላይ በእስክሪብቶ ማስፈረም ይችላል።

እናቶች በስልክ የሚጠይቁት ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፦ «ከፈረምኩ ዕዳ ይመጣብኛል?» አይመጣም። ፊርማው መረጃው እውነት መሆኑን ማረጋገጫ እንጂ የመክፈል ውል አይደለም። የወላጅ የኢሚግሬሽን ሁኔታም በቅጹ ላይ አይጠየቅም፤ ብቁነት የሚመዘነው በተማሪው ነው። ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኝነቱ ወይም የጥገኝነት (አሳይለም) ጥያቄው የጸደቀለት ተማሪ ለፌዴራል እርዳታ ሊያመለክት ይችላል። የጥገኝነት ጥያቄው ገና በመታየት ላይ ያለ ወይም ጊዜያዊ የጥበቃ ከለላ ብቻ ያለው ግን አይችልም። ለእነርሱ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ሚኒሶታ፣ ዋሽንግተንና ካሊፎርኒያ የራሳቸው የግዛት ማመልከቻዎች አሏቸው።

የብሩን ነገር በጥንቃቄ መሙላት ይገባል። የውጭ ገንዘብ ወደ ዶላር የሚቀየረው ቅጹ በተሞላበት ጊዜ ባለው ምንዛሪ ነው። ኢትዮጵያ በጁላይ 2024 ምንዛሪውን ለገበያ ከመልቀቋ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። የ2024 ገቢን በዚያው ዓመት መጀመሪያ ዋጋ ያሰላ ልጅ እናቱን ከሁለት እጥፍ በላይ ባለጠጋ ያደርጋታል። የእናት የደመወዝ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቷ ማኅተም ጋር በእጅ ይሁን፤ ኮሌጁ ለማጣራት ሲጠይቅ ከደሴ እስኪመጣ መጠበቅ ሴሚስተር ያስመልጣል።

ወላጅን ማግኘት በማይቻልበት ጊዜ

ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን ኢትዮጵያ በነበረው ጦርነት በትግራይ ስልክና ባንክ ለረጅም ጊዜ ተቋርጠው እንደነበር እናስታውሳለን። በዚያ ጊዜ ኮሌጅ የገባ ልጅ እናቱን እንዴት ብሎ ያስፈርም ነበር? እናቱ በሕይወት መኖሯን ሳያውቅ?

ለእንዲህ ያለው ሁኔታ ሕጉ መውጫ አለው፤ ኮንግረስ በዲሴምበር 2020 ባጸደቀው ማሻሻያም ተጠናክሯል። በሕጉ አነጋገር «ያልተለመደ ሁኔታ» ይባላል። ገቢ በድንገት ሲቀንስ ከሚቀርበው «ልዩ ሁኔታ» ከሚባለው ጋር መምታታት የለበትም። ያልተለመደ ሁኔታ የሚመለከተው ተማሪውንና ወላጁን የሚያገናኘው ክር መበጠሱን ነው። ሕጉ በስም ከጠቀሳቸው ምሳሌዎች መካከል የሰዎች ዝውውር ሰለባ መሆን፣ በወላጅ መተው ወይም ከወላጅ መቆራረጥ፣ እስራት፣ ደግሞም በሕግ የተሰጠ የስደተኝነት ወይም የጥገኝነት (አሳይለም) ፈቃድ ይገኙባቸዋል። ይህ የመጨረሻው በማኅበረሰባችን ውስጥ በደንብ አልታወቀም፤ መታወቅ አለበት። የስደተኝነት ወረቀት በራሱ ሁሉንም አይፈታም፤ ከወላጆቹ ጋር በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ቤት የሚኖር ስደተኛ ተማሪ ጥገኛ ነው። ወላጆቹ ሱዳን መጠለያ ጣቢያ ቀርተው የጠፉበት፣ ወይም እነርሱን ማነጋገር ለእነርሱም ለእርሱም አደጋ የሚሆንበት ተማሪ ግን ጥያቄውን የማቅረብ መብት አለው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በቅጹ ላይ ያልተለመደ ሁኔታ አለ ተብሎ ሲመለስ ተማሪው ያለ ወላጅ መረጃ ማስገባት ይችላል፤ ለጊዜውም ራሱን እንደቻለ ተቆጥሮ የሚደርሰው እርዳታ ይገመትለታል። ከዚያ ጉዳዩ ወደ ኮሌጁ የገንዘብ እርዳታ ቢሮ ይሄዳል። ቢሮው ተማሪውን አነጋግሮ ቃሉን ሊመዘግብ፣ ወይም ሁኔታውን ከሚያውቅ ሰው የጽሑፍ ማረጋገጫ ሊጠይቅ ይችላል። ተማሪው ትምህርት ከጀመረ በኋላም ውሳኔውን ከ60 ቀን በላይ ማዘግየት የለበትም። አንድ ኮሌጅ «እኛ እንዲህ ያለ ጥያቄ አንቀበልም» ብሎ በጅምላ ሊከለክል አይችልም። አንዴ ከተፈቀደ ደግሞ ሁኔታው ካልተለወጠ በስተቀር በዚያው ኮሌጅ በሚቀጥሉት ዓመታትም ይጸናል። ነገር ግን የቢሮው ውሳኔ የመጨረሻ ነው፤ ወደ ፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ይግባኝ የለውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ደብዳቤ በጥንቃቄ ይጻፍ። የምትጽፈው ልጅ ከወላጆቿ ጋር መጨረሻ የተነጋገረችበትን ቀን፣ ፍለጋ የሞከረችባቸውን መንገዶች፣ ማን እንዳስጠጋት በቀጥታ ታስፍር። የእኛ ልጆች ቤተሰብን ለባዕድ ማውራት ያፍራሉና «ከቤተሰቤ ጋር ችግር አለ» ብለው በአንድ መስመር ይዘጉታል። በአንድ መስመር ማንም አይወስንላቸውም። የትምህርት ቤት አማካሪ፣ መምህር፣ የንስሐ አባት ወይም የመስጊድ ኢማም ሁኔታውን የሚያውቅ ከሆነ እርሱም ይጻፍ።

ስለ ግል ኮሌጆች አንድ ቃል ብቻ፤ አንዳንዶቹ ከራሳቸው ገንዘብ ለሚሰጡት እርዳታ ሌላ ቅጽና የራሳቸው ትርጉም አላቸው። ፋፍሳ ራሱን የቻለ ያለውን እነርሱ የወላጁን ገቢ ሊጠይቁት ይችላሉ።

አክስት ያሳደገችው

አሁን ወደ ልቤ ቅርብ ወደሆነው ልድረስ። በእኛ ዘንድ ልጅ የወለደው ብቻ አይደለም። አያት ያሳድጋል፣ አክስት ያሳድጋል፣ የአባት ጓደኛ ያሳድጋል፤ «እናቴ» የምንላት ሁሉ የወለደችን አይደለችም። ፋፍሳ የሚያውቀው ግን የወለደን ወይም በሕግ በጉዲፈቻ የወሰደን ብቻ ነው። አክስት፣ አጎት፣ አያት፣ ታላቅ እኅት፣ በሕግ በጉዲፈቻ ካልወሰዱ በቀር ወላጅ አይደሉም።

ከዚህ የሚመጣው ስህተት ብዙ ቤት ውስጥ ይደገማል። ሁለት ሥራ የምትሠራ አክስት የእኅቷን ልጅ አምጥታ ታሳድጋለች። ፋፍሳ ሲሞላ «ወላጅ» የሚለው ቦታ ላይ ስሟንና ገቢዋን ታስገባለች፤ ለእርሷ እውነት ነውና። ገቢዋ 90,000 ዶላር ከሆነ ልጁ ፔል ግራንት በከንቱ ያመልጠዋል። በሕጉ መሠረት ግን ገቢዋ በቅጹ ላይ መግባት አልነበረበትም። ልጁ ወላጆቹ ኢትዮጵያ ውስጥ በሕይወት ካሉና በስልክ የሚገኙ ከሆነ ጥገኛነቱ ለእነርሱ ነው፤ የሚቆጠረውም የእነርሱ ገቢ ነው። አክስት በዚህ መናደድ አያስፈልጋትም፤ እናትነቷን የነጠቃት የለም። ይልቁንም ለግዛቱ ነዋሪዎች ብቻ የሚፈቀደው ዝቅተኛ የትምህርት ክፍያ ጉዳይ ለብቻው እንደሚታይ ታስብ። በአንዳንድ ግዛቶች ጥገኛ ተማሪ ነዋሪነቱ የወላጁ ነዋሪነት ነው ተብሎ ስለሚገመት፣ ልጁ የተማረበትን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና አብሯት የኖረበትን ጊዜ የሚያሳይ ሰነድ ይዛ ኮሌጁን አስቀድማ መጠየቅ አለባት።

ወላጆቹ የማይገኙ ከሆኑስ? ያን ጊዜ ያልተለመደ ሁኔታ ብሎ ማመልከት አንዱ መንገድ ነው። ሌላው፣ ልጁ ገና ለአካለ መጠን ካልደረሰ፣ ፍርድ ቤት አክስቲቱን ሞግዚት አድርጎ እንዲሾም ማመልከት ነው። ይህን በር ያለ አግባብ የተጠቀሙበት ሰዎች ነበሩ። በ2019 በኢሊኖይ ግዛት ሀብታም ወላጆች በጠበቃ ምክር ልጆቻቸውን በሞግዚትነት ለወዳጅ ዘመድ አስተላልፈው የድሆች እርዳታ እንዲያገኙ ማድረጋቸው ተጋልጦ አገሩን አስቆጥቶ ነበር። ጠበቃ መክፈል የሚችለው በሩን አገኘው፤ እውነተኛ አሳዳጊ የሆነችው አክስት ግን በሩ መኖሩን እንኳ አልሰማችም። የ24 ዓመቱን መስመር ያሰመሩት ሕግ አውጪዎች የፈሩት ማጭበርበር እውነት እንደሆነ ይገባኛል፤ መስመሩ የሚጥለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ማጭበርበር የማያውቀውን ነው።

የሕጉ ቃል ጠባብ ስለሆነ በጥንቃቄ ይነበብ። ሞግዚትነቱ በተማሪው መኖሪያ ግዛት ባለ ሥልጣን ባለው ፍርድ ቤት የተሰጠ፣ ልጁም ለአካለ መጠን እስከደረሰበት ጊዜ ድረስ የጸና መሆን አለበት። ከአዲስ አበባ የመጣ የሞግዚትነት ወረቀት ለቪዛ ወይም ለትምህርት ቤት ምዝገባ አገልግሎ ሊሆን ይችላል፤ ለፋፍሳም ይበቃል ብሎ መተማመን ግን አይገባም። በቤተሰብ መካከል የተጻፈ ውክልና፣ በኖተሪ የታተመ የአደራ ደብዳቤ፣ የትምህርት ቤት አሳዳጊነት ቅጽ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አይደሉም። የፍርድ ቤቱ ሂደት ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፤ ለወላጆች መጥሪያ ማድረስ ወይም አለመገኘታቸውን ማስረዳት ብቻውን ወራት ሊወስድ ይችላል። የ17 ዓመት ልጅ በቤቷ ያላት አክስት ጠበቃ ወይም ነፃ የሕግ አገልግሎት የምትጠይቀው ልጁ የኮሌጅ ማመልከቻ ሲጀምር ሳይሆን አሁን ነው፤ 18 ዓመት በሞላው ማግስት የሚቀርብ አቤቱታ ለዚህ ጥያቄ አይደርስም።